የታይሚንግ ቺንጋ ውጥረት አስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚጨነቀው በፑሌጃዎቹ፣ ማለትም ቺንጋው በሚያርፍባቸው ባለ ጥርስ መዘውሮች፣ እና በሞተሩ አካል ላይ ስላሉት መግጠሚያ ምልክቶች ነው፤ የላይኛው ገጠመ ወይ? የታችኛውስ? ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ምልክቶቹ ልክ ሆነው ውጥረቱ ከተሳሳተ ግን ሥራው ገና አላለቀም። ከዚህ በታች ያሉት ሞተር ሲከፈት ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የቆየሁት ጥፋቱ ከዚያ ሲነሣ ስላየሁ ነው።

ቺንጋው ምን ይሠራል? ውጥረቱስ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

ቺንጋው የክራንክሻፍቱን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትንና ጋራዥ ውስጥ ኮሎ የምንለውን ዘንግ፣ ዙር ቫልቮቹን ለሚከፍተው ዘንግ ለካምሻፍቱ ያቀብላል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቮቹ የሚከፈቱትና የሚዘጉት በዚህ ስሌት ነው። ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ለዚህ ሥራ በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የዋለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በጀርመኑ ግላስ 1004 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የሰንሰለትና የማርሽ ነበር።

ውጥረት ሲባል ብዙ ሰው ጎማውን መለጠጥ ይመስለዋል። አይደለም። በጎማው ውስጥ ዙሪያውን የተዘረጉት የመስታወት ፋይበር ክሮች የተቀመጡት ቺንጋው እንዳይለጠጥ ነው። ውጥረት የቺንጋው ጥርስ ከፑሌጃው ጥርስ ሳይነሣ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ኃይል ነው። ካምሻፍቱ ደግሞ በእኩል ክብደት የሚዞር ዕቃ አይደለም። የካሙ አፍንጫ (በካምሻፍቱ ላይ ወጣ ያለው ክፍል) ቫልቩን ሲገፋ የቫልቩ ሞላ ይታገለዋል፤ አፍንጫው ጫፉን ሲያልፍ ያው ሞላ መልሶ ካምሻፍቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ቺንጋው በየደቂቃው በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጎተታል፣ ይለቀቃል። የላላ ከሆነ ከእነዚያ መለቀቆች በአንዱ ጥርሱ ከቦታው ተነሥቶ በሚቀጥለው ላይ ያርፋል። አንድ ጥርስ ሞተሩን ያዳክመዋል። ሁለት ሦስት ጥርስ ግን ፒስተንና ቫልቭ አንዱን ቦታ በየተራ በሚጠቀሙበት ሞተር ላይ ቫልቭ ያጎብጣል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስወርዳል።

የላላውን ከከረረው በምን እለየዋለሁ?

በጆሮ ይጀምሩ። የከረረ ቺንጋ ያላዝናል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ እየቀጠነ አብሮ ይወጣል፣ ሲለቁት አብሮ ይወርዳል። የላላው ደግሞ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሲሠራ) የቺንጋውን ክዳን ይመታል፤ ሰው በጥፍሩ የፕላስቲክ ሳጥን የሚያንኳኳ ይመስላል።

ክዳኑ ሲወርድ ማስረጃው በዓይን ይታያል። ላልቶ የቆየ ቺንጋ የጥርሶቹ ጎን ይበላል፣ የክዳኑ ውስጠኛ ግድግዳም ላይ የተፋቀ መስመር ይተዋል። ከርሮ የቆየ ቺንጋ ግን የሚበላው በጥርስና በጥርስ መካከል ባለው ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ እዚያ ጨርቁ ሳስቶ ያብረቀርቃል፣ በጥርሱ ሥር ደግሞ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ይጀምራል። አሮጌውን ቺንጋ ሳያዩ አይጣሉት። ያለፈው አሳሰር ምን እንደነበረ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ከሚላላ ቢጠብቅ አይሻልም?

አይሻልም። ይህን ጥያቄ ለብቻው ያወጣሁት እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አምኜበት ስለነበረ ነው። የራሴን መኪና ቺንጋ በዚሁ እምነት አጥብቄ አሰርኩት። ያን ዕለት ማላዘኑን ሰምቼ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ከሞተሩ ሥር የእጅ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ርጥበት አየሁ። ክዳኑን ሳወርድ የራዲያተር ውኃ ይኸው ቺንጋ ከሚያዞረው የውኃ ፓምፕ ማፍሰሻ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ነበር። የፓምፑን ፑሌጃ ይዤ ሳወዛውዘው ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ፓምፑ ጤነኛ እንደነበረ ቺንጋውን ስቀይር በእጄ ፈትሼ አረጋግጫለሁ። ያበላሸው ያጠበቅኩት ቺንጋ ነው።

ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሚጎትተው ፓምፑን ብቻ አይደለም። የመወጠሪያውን ሮለር (ቺንጋውን የሚጫነውን ተሽከርካሪ) ኩሽኔታ፣ የካምሻፍቱን የፊት መቀመጫና ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጋውን ፓራኦሊዮም ያለ ዕረፍት ወደ አንድ ጎን ይስባል። ኩሽኔታው ሲነክስ ደግሞ ቺንጋው ይወርዳል ወይም ይበጠሳል። ልልነትን ሸሽቶ የከረረው ሰው መጨረሻ ላይ ያው የጎበጠ ቫልቭ ዘንድ ይደርሳል። ሲከር ይበጠሳል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

መወጠሪያዬ የትኛው ዓይነት ነው? እንዴትስ ይስተካከላል?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ለአንዱ ዓይነት ትክክል የሆነው አሠራር ሌላውን ያበላሻልና።

የመጀመሪያው በእጅ የሚስተካከለው ነው። ሮለሩ በተራዘመ ቀዳዳ ላይ ይንሸራተታል፣ ወይም ቀዳዳው ከመሀሉ ወደ ጎን የወጣ ስለሆነ ሲዞር ቺንጋውን ይጫነዋል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ምንም ነገር ራሱን አያስተካክልም። እርስዎ የተዉት ውጥረት እስከሚቀጥለው ቅየራ ይኖራል፤ ስለዚህ መለካት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው በብዙ የቆዩ የጃፓን ሞተሮች ላይ የሚገኘው ባለ ሞላው ነው። እዚህ ውጥረቱን የሚመርጠው ሞላው ነው። ብሎኑ ይላላል፣ ሞላው ሮለሩን ቺንጋው ላይ ይጥለዋል፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ይዞራል፣ ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል። የሚያሳዝነኝ ስሕተት በካቻቢቴ እየገፉ ሞላውን «ማገዝ» ነው። ሞላው እገዛ አይፈልግም፤ የተሠራበት ኃይል ራሱ መለኪያው ነው። ከደከመ ወይም ከተለጠጠ ይቀየር። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ሞላው ሥራውን ጨርሷል፤ ሞተሩ ሲሠራ የሚያስተካክል የሚመስላቸው ሰዎች ይሳሳታሉ። ለማረጋገጫ የቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢን ብንወስድ ቺንጋው በ2 ኪሎ ግራም ኃይል ሲጫኑት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሊገባ ይገባል። ይህ ቁጥር የዚያ ሞተር ነው፤ ወደ ሌላ ሞተር አይወሰድም።

ሦስተኛው ጠቋሚ ያለው አውቶማቲክ መወጠሪያ ነው። ውስጡ ጠንካራ ሞላ አለ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ጠቋሚና ጠቋሚው ሊያርፍበት የሚገባ ጥርብ ወይም መስኮት ይታያል። ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቁልፍ በቀዳዳው ከተው መመሪያው ባዘዘው አቅጣጫ ያዞሩታል፣ ጠቋሚው ከጥርቡ ፊት ለፊት ሲደርስ ያስሩታል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒ አዙሮም ጠቋሚውን ከጥርቡ ማድረስ ይቻላል፣ ዓይን ሲያየው ልክ ይመስላል፣ ሞተሩ ሲሠራ ግን መወጠሪያው ራሱን ይፈታል። ሁለተኛው ብሎኑ ሲጠብቅ የሚሆነው ነው። የብሎኑ ራስ መወጠሪያውን አብሮ ስለሚያዞረው ጠቋሚው ቀስ ብሎ ከቦታው ይሸሻል። ስለዚህ ግራ እጅ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቁልፍ አንቆ ይያዝ፣ ቀኝ እጅ ያጥብቅ፣ ዓይን ከጠቋሚው አይነሣ። የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ላይ ነው የሚያመልጠው።

አራተኛው ውስጡ በታሸገ ዘይት የሚሠራው ነው። ዘንጉ የሚመለሰው ቀጥ አድርጎ በሞርሳ በጣም በዝግታ በመጫን ነው፤ በጥድፊያ የተጫነ ውስጡ ይጎዳል። ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ ፒን ይገባል፣ ፒኑም የሚነቀለው ቺንጋው ሁሉም ቦታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው። ዘንጉን በአውራ ጣት ገፍተው ያለ ትግል ከገባልዎ ወይም ዙሪያው በዘይት ከረጠበ አይመልሱት፣ ይቀይሩት።

ቺንጋውን ከየት ጀምሬ ላስገባ?

በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ከኮሎው ይጀመርና ሞተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ካምሻፍቱ ይኬዳል፤ መወጠሪያው የመጨረሻው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮሎው ሲዞር በአንድ ወገን ያለውን ቺንጋ ይስበዋል፣ በሌላው ወገን ያለውን ይገፋዋል። የሚሳበው ወገን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ልልነት የሚጠራቀመው በሚገፋው ወገን ነው፤ መወጠሪያውም የተቀመጠው እዚያ ነው። በሚሳበው ወገን ግማሽ ጥርስ የምታክል ልልነት ትተው መወጠሪያውን ቢያስሩ፣ ሞተሩ ሲዞር ያች ልልነት ወደ መወጠሪያው ትሄድና ያስተካከሉት ውጥረት ይፈርሳል፣ ካምሻፍቱም ወደ ኋላ ይቀራል።

ሞተሩ መቀዝቀዝ ያለበት ለምንድን ነው?

ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ በቺንጋው ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ይህን ያህል አያድጉም። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ ወደ 23 ሚሊዮንኛ ገደማ ያድጋል። በኮሎውና በካምሻፍቱ መካከል 300 ሚሊ ሜትር ቢኖርና ሞተሩ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ርቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል፤ የማይለጠጥ ቺንጋ ላይ ግን ብዙ ነው። አምራቹ ቁጥሩን ያወጣው ሲሞቅ የሚጨምረውን አስቦ ነው። በሙቅ ሞተር ላይ ልክ ያደረጉት ቺንጋ ሲቀዘቅዝ ይላላል፤ ማለዳ ሲነሣ ደግሞ ጥርስ ለመዝለል የሚመቸው ሰዓት ነው። ለአራት ሰዓት ያህል ማሳረፍ አይብዛብዎ፣ ማሳደር ደግሞ ይበልጣል።

በጣት ጠምዝዞ ሩብ ዙር መፈተሽ ይበቃል?

አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ረጅሙን ነፃ ቦታ (በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ምንም ሳይነካ የተዘረጋውን ቺንጋ) መሀል ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ መጠምዘዝ፣ 90 ዲግሪ ላይ ከቆመ ልክ ነው ማለት። ይህን የጻፉ የቆዩ የአምራች መመሪያዎች አሉ፤ ለእነዚያ ሞተሮች ዋጋ አለው። እንደ አጠቃላይ ሕግ ግን አልቀበለውም። ሰፊ ቺንጋና ጠባብ ቺንጋ፣ ረጅም ነፃ ቦታና አጭር ነፃ ቦታ በአንድ ጣት እኩል አይጠመዘዙም፤ የሰውም ጣት ከሰው ይለያያል። አውቶማቲክ መወጠሪያ ባለው ሞተር ላይማ ጣትዎ የሚነግርዎ የሞላውን ጉልበት እንጂ የአስተካከልዎን ትክክለኛነት አይደለም። እኔ የምጠቀምበት በመሣሪያ ከለካሁ በኋላ ነው፤ ቁጥሩና ጣቴ በጣም ከተራራቁ እንደገና እንድለካ ያስታውሰኛል።

በንዝረት መለካት ምን ማለት ነው? በስልክስ ይሆናል?

የተወጠረ ቺንጋ እንደ ክራር ክር ነው፤ በጠበቀ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። መሣሪያው ማይክሮፎኑን ወደ ነፃው ቦታ አስጠግቶ፣ ቺንጋው በጣት ሲነካ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ በኸርዝ ያነባል። አንዳንድ አምራቾች የሚፈለገውን ኸርዝ በቀጥታ ይጽፋሉ። በኒውተን የጻፉ እንደሆነ ስሌቱ ይህ ነው፦ 4 ሲባዛ በአንድ ሜትር ቺንጋ ክብደት፣ ሲባዛ በነፃው ርዝመት ስኩዌር፣ ሲባዛ በንዝረቱ ስኩዌር። በሜትር 0.12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቺንጋ በ0.2 ሜትር ነፃ ርዝመት ላይ 100 ኸርዝ ቢያሳይ ውጥረቱ 192 ኒውተን ነው። ያው ቺንጋ 110 ኸርዝ ቢያሳይ 232 ኒውተን ይደርሳል።

ልብ ይበሉ፤ ንባቡ በ10 በመቶ ሲያድግ ውጥረቱ ያደገው በ21 በመቶ ነው። «ትንሽ ነው የበለጠው» ብሎ ማለፍ እዚህ አይሠራም።

በስልክ መተግበሪያም መለካት ይቻላል፤ ማይክሮፎኑ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ አካባቢው ጸጥ ካለና የሞተርዎ ኸርዝ በእጅዎ ካለ። የሚፈለገውን ቁጥር ሳያውቁ መለካት ግን ጥቅም የለውም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ አንዱ ንባብ ከሌሎቹ እጥፍ ሆኖ ከመጣ መሣሪያው የሰማው ዋናውን ንዝረት ሳይሆን እጥፉን ነው፣ ይጣሉት።

ካሰርኩ በኋላ ሁለት ዙር የማዞረው ለምንድን ነው?

አዲስ ቺንጋ በእጅ ሲገባ ጥርሶቹ ሁሉ እስከ ታች አይቀመጡም። ኮሎው ሁለት ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚጨርስ እያንዳንዱ ቫልቭ ጭነቱን አሳርፎ ያልፋል፣ ቺንጋው ይቀመጣል፣ የተደበቀ ልልነት ይወጣል። ትክክለኛው ልኬት ከዚህ በኋላ የሚወሰደው ነው። ጠቋሚው ከጥርቡ ሸሽቶ ከተገኘ ይፈቱ፣ እንደገና ያስተካክሉ፣ እንደገና ሁለት ዙር ያዙሩ። ሦስት ጊዜ የደጋገምኩበት ቀን አለ፤ አልቆጨኝም።

የሚዞረው በእጅ ነው፣ በኮሎው ብሎን ላይ በሚገባ ቁልፍ። በካምሻፍቱ ብሎን አያዙሩ፤ ቺንጋውን ይጎዳል። ሞተሪኖም (የሞተር ማስነሻውንም) አይጠቀሙ። ካንዴላዎቹን ቢያወጡ እጅዎ የሚሰማው የሞተሩን እንቅስቃሴ እንጂ የታመቀውን አየር ትግል አይሆንም።

ከሁለት ዙር በኋላ በቺንጋው ላይ የታተሙት መስመሮች አልገጠሙም። ተሳሳትኩ?

አልተሳሳቱም። የታተሙት መስመሮች ለማስገቢያ ብቻ ናቸው። በሁለት የኮሎ ዙር ፑሌጃዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ቺንጋው ግን የራሱ የጥርስ ቁጥር ስላለው ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል። መፈተሽ ያለበት በፑሌጃዎቹና በሞተሩ አካል ላይ ያሉት ምልክቶች ናቸው። ይህን ባለማወቅ ልክ የነበረውን ሥራ አፍርሶ በጥርስ የሚያሳስት ሰው ብዙ ነው።

ሞተሩን ወደ ኋላ ማዞር ችግር አለው?

አለው። ወደ ኋላ ሲዞር የሚሳበውና የሚላላው ወገን ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኃይሉ በሙሉ መወጠሪያው ላይ ይወድቃል፣ ጥርስ ሊዘል ይችላል። ምልክቱን ትንሽ ካለፉት ሁለት ሙሉ ዙር ወደ ፊት አዙረው ይምጡ እንጂ አይመልሱ። በዚሁ ምክንያት ቺንጋው ያረጀ መኪና ቁልቁለት ወይም ዳገት ላይ በማርሽ ብቻ ተይዞ መቆም የለበትም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። መኪናው ወደ ኋላ ሲገፋ ሞተሩንም ወደ ኋላ ሊያዞረው ይችላል።

የመወጠሪያውን ብሎን ምን ያህል ላጥብቅ?

መመሪያው በኒውተን ሜትር የጻፈውን፣ በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ። የላላ ብሎን መወጠሪያውን ይለቀዋል፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ይበጠሳል። አንዴ ብቻ እንዲያገለግል የታዘዘ ብሎን ከሆነ አዲስ ይግዙ።

አሮጌው ቺንጋ ድምፅ አወጣ። ትንሽ ባጠብቀውስ?

እባክዎ አያድርጉት። በመንገድ ላይ ያለ ቺንጋ ከላላ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ኩሽኔታ በልቷል፣ ብሎን ተፈትቷል፣ ሞላ ደክሟል ወይም ዘይት ፈሶበት ጎማው አብጧል። ማጥበቅ ምልክቱን ይደብቃል፣ ምክንያቱን ይተዋል። ከወረደ ደግሞ ያው ቺንጋ መመለስ የለበትም። አዲሱንም ቢሆን አጥፎ መያዝ፣ ወደ ውጭ መገልበጥ፣ በጠባቡ መጠቅለል ክሮቹን ይሰብራቸዋል። ስብራቱ ከውጭ አይታይም።

ሮለሩና የውኃ ፓምፑ አብረው ይቀየሩ?

ሮለሮቹ ይቀየሩ። ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ ለእሱ ብሎ ሁለተኛ ጊዜ መክፈት ድካም ነው፣ ኩሽኔታው ከነከሰ ደግሞ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል። የሚያፈስ ፓራኦሊዮ ካለ ቺንጋው ሳይገባ ይዘጋ።

በየስንት ጊዜው ይቀየራል? በመካከሉስ እንደገና ይስተካከላል?

የአምራቾች ቁጥር በአብዛኛው ከ60,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የዓመት ገደብም ይጻፋል፣ ቀድሞ የሞላው ይቀድማል። ጎማ ቆሞም ያረጃልና ትንሽ የተነዳ መኪና ነው ተብሎ አይታለፍ። አውቶማቲክ መወጠሪያ በመካከሉ አይነካም። በእጅ ከሚስተካከሉት ግን ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እንዲለኩ መመሪያቸው የሚያዝ አሉ።

የእኔ ሞተር ሰንሰለት ነው። ይህ ይመለከተኛል?

በአብዛኛው አይመለከትዎትም። ሰንሰለት የራሱ መወጠሪያ አለው፤ ብዙ ጊዜም በሞተሩ ዘይት ግፊት ይሠራል።

በእጅ ሳዞር መሀል ላይ ቢይዝብኝስ?

እዚያው ያቁሙ። በረጅም ዘንግ አያስገድዱት። ካንዴላዎቹ ወጥተው እያለ ሞተሩ ጠንካራ ነገር ላይ እንዳረፈ ሆኖ ከቆመ ምናልባት ፒስተኑ ቫልቭ ነክቷል፤ በእጅ ጉልበት እስከዚህ ከሆነ ቫልቩ ገና ላይጎብጥ ይችላል። መወጠሪያውን ይፍቱ፣ ቺንጋውን ያውርዱ፣ ምልክቶቹን ከመጀመሪያው ያንብቡ። መመሪያው ከፈቀደ በተለመደው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ኮሎውን ፒስተን ከሚደርስበት የላይኛው ጫፍ ሩብ ዙር ያህል ማራቅ ፒስተኖቹን ሁሉ መሀል ላይ ስለሚያቆማቸው ካምሻፍቱን ያለ ፍርሃት ወደ ምልክቱ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ኮሎውን ወደ ምልክቱ ይመልሱ፣ ቺንጋውን ያስገቡ፣ ሁለቱን ዙር እንደ አዲስ ይጀምሩ።